በመጠበቂያው ቦታ የቀሩት ሰው

አቶ አልዶ ፔድሪኒ በነጭ ፒክአፓቸው ውስጥ ሞተው የተገኙት ለምሳ ጥቂት ሲቀር ነው። ከጎናቸው መኪናዋን ያቆመች አንዲት እናት ልጇን ስታወርድ ቀና ብላ አየቻቸው፤ የተኙ መስሏት ነበር። ዝናቡ በተከፈተው የመሪው በኩል መስኮት ገብቶ ቀኝ ትከሻቸውን ሲያርሰው ዝም ማለታቸው ግን አላማራትምና ወደ ምግብ ቤቱ ሮጣ ገባች።

የፔሊካን በርገር የጠዋት ፈረቃ ኃላፊ ብሮንዊን ቲስ ተከትላት ወጣች። ሦስተኛው የመጠበቂያ ቦታ ደርሳ የሽማግሌውን እጅ ብትነካው ቀዝቅዟል። በአውስትራሊያዋ የኢኒስፌይል ከተማ እኚህን ሰው የማያውቅ የለም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸንኮራ አገዳ ሲያለሙ ኖረው፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ቁርሳቸውን ከመኪናቸው ሳይወርዱ ገዝተው የሚሄዱ ነበሩ። ለብሮንዊን ግን በዚያች ቅጽበት የታወሳት ሌላ ነው። ጠዋት ከማዘዣው ሰሌዳ በጆሮ ማዳመጫዋ የሰማችው፣ ምላሱ የተሳሰረ የሚመስለው ድምፅ የማን እንደነበር አሁን ገባት። ያን ድምፅ ሰምታ ስቃለች። «ሰካራም መጣላችሁ» ብላ ለባልደረቦቿ ነግራለች። ሳንድዊቹ አልደረሰም ነበርና፣ ኮላቸውን ተቀብለው ሦስተኛው ቦታ ላይ ይጠብቁ ያለችውም እሷ ናት።

ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ የሱቁ ባለቤት ግሬም ላስክ ወደ ዕቃ ማከማቻው ጠራት።

«ሰክሮ ነው የመጣው፤ አንቺ ራስሽ ብለሻል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚያ ያለፈ ምንም አታውቂም። ደግሞ አስቢበት ብሮን፤ የሰማሽው አንቺ፣ የላክሽው አንቺ። አፍሽን ብትከፍቺ ማን ቀድሞ እንደሚጠየቅ ታውቂዋለሽ።»

ብሮንዊን ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። በዚያ ሌሊት ያ መነቅነቅ ከሳቋ ባልተናነሰ እንቅልፍ ነሳት።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሰዓት ቆጣሪው ጋር ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ቴክኒሻን ከታውንስቪል መጥቶ የመኪና መስመሩን አስፋልት በመጋዝ ሰነጠቀና ከማዘዣው ሰሌዳና ከመስኮቱ ፊት ሽቦ ቀበረ፤ በላዩም ሬንጅ አፈሰሰበት። መኪና ማዘዣው ላይ ሲቆም ሽቦው ብረቱን ያውቅና ማሽኑ መቁጠር ይጀምራል። መኪናው ከመስኮቱ ፊት ያለው ሽቦ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ይጮኻል፤ መስኮቱን አልፎ ሲሄድ ቆጠራው ያበቃል፤ ትእዛዙ ከስክሪኑ ጠፍቶ የቀጣዩ መኪና ትእዛዝ ይመጣል። ሠራተኞቹ ሲፈጥኑ ቁጥሩ አረንጓዴ፣ ሲዘገዩ ቀይ ይሆናል። ቴክኒሻኑ አጠገብ ዝናብ ላይ ቆማ ሁሉን የተማረችው ብሮንዊን ነበረች። ትእዛዙ የዘገየበትን መኪና ወደ መጠበቂያ መላክ ቁጥሩን አረንጓዴ እንደሚያደርገው የደረሰችበትም እሷ ናት፤ ከመስኮቱ ዞር ያለ መኪና ለማሽኑ ተስተናግዶ የሄደ ነውና። ያን ጊዜ ግሬም ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ አመስግኗት ነበር። አቶ አልዶ በሞቱበት ጠዋት ደግሞ የኩባንያው አለቆች ብሪዝበን ሆነው ቁጥሩን እየተከታተሉ ነበር። ካማራቸው ግሬም ሁለተኛ ሱቅ ይከፍታል።

ሳጅን ዊልማ ካታንያ ጠና ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ነበረች። አስከሬኑ ሳይነሳ ፒክአፑን በሁለቱም በኩል ዞረችው። ሽማግሌው የእጃቸው አንጓ ላይ የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውን የሚገልጽ አምባር አለ። ከእግራቸው ሥር የወረቀት ኩባያ ወድቆ ኮላው ተደፍቷል። በባዶው ወንበር ላይ ያልተከፈተ የሳንድዊች ከረጢት ተቀምጧል፤ የዝናብ ጠብታ አልነካውም፣ ጉንዳን ግን ወርሮታል። ሳጅኗ አጎንብሳ ብዙ ቆየች።

«ብሮንዊን ነሽ? ነይ እስቲ እዪልኝ። ጉንዳኑ የት ነው ያለው?»

«ሳንድዊቹ ላይ።»

«ኮላው ላይስ?»

ብሮንዊን አየች። «የለም።»

«እኔ ቤት ኮላ ጠብ ካለ ወልውዬ ሳልጨርስ ጉንዳኑ ይቀድመኛል። ይህን የናቀው ስኳር ስለሌለው ነው።» ሳጅኗ የኩባያውን ክዳን በእስክርቢቶዋ ገለበጠችው። ስኳር አልባ መጠጥ ሲቀዳ በጣት የምትጫነው ትንሿ እብጠት ወደ ውስጥ ገብታለች። «ምን ነበር ያዘዙት?»

«ትልቅ ኮላ። ባለ ስኳሩን» አለች ብሮንዊን።

«ስኳሩ የወረደበት ሰው ኮላ የሚያዘው ጠምቶት አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው። ምላሱም እንደ ሰካራም ይተሳሰራል። አነጋገራቸውስ እንዴት ነበር?»

ከመስተዋቱ ወዲያ ግሬም ቆሞ ያያታል። «ዝናቡ ይጮህ ነበር» አለች። «በደንብ አልሰማሁም።»

ሳጅኗ ቃሏን ጽፋ ወደ ውስጥ ገባች።

መስኮቱ ላይ የምትሠራው ቫይኔ የኩክ ደሴቶች ሰው ናት። በፊት የአቶ አልዶን ቤት ታጸዳ ስለነበር ሕመማቸውን ታውቃለች። ባለፈው ወር ወንድሟን ከእርሻቸው ስላሰናበቱት በሰው ፊት ጮኻባቸዋለች፤ ይህንንም ሳትጠየቅ ተናገረች። ኩባያውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ የሰጠሁትም ስክሪኑ በጠራው ተራ ነው አለች። ከአቶ አልዶ ፊት የነበረችው መምህርት ያዘዘችው እንደ እሳቸው ትልቅ ኮላና ሳንድዊች ነበር፤ የእሷ ኮላ ስኳር አልባ ከመሆኑ በቀር።

«ፊታቸው ምን ይመስል ነበር?» አለቻት ሳጅኗ።

«አላየኋቸውም። ተኳርፈን ስለነበር ፊቴን አዙሬ ነው የሰጠኋቸው።» እንባዋን ጠረገችና ቀጠለች። «አንድ ነገር ግን አለ። ሁለቱን ኮላ ስቀዳ ማሽኑ ጮኸ። መኪና መጣ ብዬ ብዞር ማንም የለም። አዲስ ነገር ነው፣ ዝናብ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

ምግብ አብሳዩ ዳረል ከምድጃው ፈቀቅ እንዳላለ ሁለቱም ሴቶች መሰከሩለት። ግሬም ግን ጠዋቱን ሲወጣ ሲገባ እንደነበር ራሱ ተናገረ፤ ከአከፋፋዩ መኪና ዳቦ በጋሪ አውርዷል፣ ሳንድዊቹንም ለሽማግሌው ያደረሰው እሱ ነው። «በመኪናው መስኮት አቀበልኩት፤ አመሰገነኝ» አለ። ለጥቆም ቫይኔ ሰውየውን እንደምትጠላ አገር ያወቀው ነው ብሎ ጨመረ።

እስከ ማታ ከተማው ሁሉ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር፤ ቫይኔ አውቃ ነው የገደለቻቸው ተባለ። በማግሥቱ ፖሊስ ጣቢያ ጠርተው ሲጠይቋት አረፈዱ። ወደ ሥራ ስትመለስ ዳረል ሰላምታዋን አልመለሰላትም። እሷም ወደ ብሮንዊን መጥታ ቆመች።

«ብሮኒ፣ እኔ እንዲህ የማደርግ እመስልሻለሁ?»

ብሮንዊን ወገቧ ላይ የታሰረውን ሽርጥ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችና በዝናቡ ውስጥ በእግሯ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

ስለ ድምፁ፣ ስለ ሳቋ፣ ግሬም ማከማቻው ውስጥ ስላላት ሁሉ ተናገረች። ግሬም ሳንድዊቹን አድርሶ ሲመለስ ሰውየው ደህና መሆናቸውን ጠይቃው ነበር፤ «ተኝቷል፣ ተይው» ነበር መልሱ። እሷም ተወችው። ሳጅኗ አላቋረጠቻትም፣ አላጽናናቻትምም። ሲያበቃ ማሽኑ ያለ መኪና የሚጮኸው መቼ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ዝናብ አያስጮኸውም፤ ብረት ነው የሚያስጮኸው» አለች ብሮንዊን። «ከሽቦው በላይ ሰፊ ብረት ካለፈ መኪና ይመስለዋል። ለምሳሌ የዳቦው ጋሪ...» ነገሩ ሲገባት ከመቀመጫዋ ተነሣች።

አብረው ሄደው መስኮቱ ፊት ቆሙ። ሬንጁ ተሰንጥቆ ስለነበር አቶ አልዶ ከመሞታቸው አንድ ቀን በፊት አዲስ ተደርጎበታል፤ በዝናቡ ምክንያት ገና አልጠነከረም። ሽቦው የተቀበረው መንገዱ መሐል ላይ ስለሆነ የመኪና ጎማ ግራና ቀኙን ይዞ ያልፋል እንጂ አይረግጠውም። አሁን ግን ከሬንጁ ላይ ሁለት ቀጫጭን ፈለጎች ይታያሉ። ሳጅኗ ከጓሮ በር አጠገብ የቆመውን የብረት ጋሪ ገልብጣ ጎማዎቹን አየች። ጥቁር ሬንጅ ተለጥፎባቸዋል።

በሦስተኛው ቀን ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ሁሉም በመመገቢያው አዳራሽ እንዲሰበሰቡ ተደረገ። የአቶ አልዶ ልጅ ፍራንካም ከኬርንስ መጥታ በአንድ ጥግ ተቀመጠች። ሳጅን ዊልማ ጠረጴዛ ተደግፋ ቆመች።

«አቶ አልዶን የገደለው መርዝ አይደለም፤ ስኳር ማጣት ነው» ብላ ጀመረች። «ሐኪሙ እንዳለው ስኳራቸው ወርዶ ወርዶ በመጨረሻ ልባቸው ቆሟል። የመጡት ለመዳን ነበር፤ ያዘዙትም ትክክለኛውን ነበር። የደረሳቸው ግን የመምህርቷ ኮላ ነው። መምህርቷን አግኝቻታለሁ፤ የእኔ ጣፋጭ ሆኖብኝ ደፋሁት ብላኛለች። እንግዲህ ኩባያዎቹ ተቀያይረዋል። ቫይኔ አውቃ ቀየረች እንዳንል፣ የመምህርቷን መቀየር ምን ያደርግላታል? ለእሳቸው ብቻ ስኳር አልባውን ደግማ መቅዳት ይበቃት ነበር። የተሳሳተው የምታየው ስክሪን ነው።»

ግሬም ሰዓቱን አየ። ሳጅኗ ግድ ሳይሰጣት ቀጠለች።

«መምህርቷ ማዘዣው ላይ ቦርሳዋን ስትፈትሽ ቆይታለች። ቁጥሩ ሊቀላ ነው። ገና ጥጉን ዞራ መስኮቱ ጋ ሳትደርስ አንድ ሰው የዳቦውን ጋሪ በሽቦው ላይ አሳለፈ። ማሽኑ መምህርቷ ተስተናግዳ የሄደች መሰለው፤ ቁጥሩ አረንጓዴ ሆነ፣ ትእዛዟም ከስክሪኑ ጠፋ። ቫይኔ የሰማችው ጩኸት ያ ነው። መምህርቷ ስትደርስ ስክሪኑ ላይ የነበረው የአቶ አልዶ ትእዛዝ ነው፤ ባለ ስኳሩ ለእሷ ተሰጠ። የቀረው ኩባያ ለእሳቸው ደረሰ። በዚያ ሰዓት ሦስቱ ሠራተኞች ውስጥ ነበሩ። ጋሪ ይዞ ውጭ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ቁጥር ማሳመር ሰው መግደል ነው እንዴ?» አለ ግሬም። «የሰውየውን ሕመም በምን አውቄ?»

«እስከዚህ ድረስ ማታለል ነው፤ ኩባያው እንደሚቀየርም አላወቅክም። የምከስህ ከዚህ በኋላ ባደረግኸው ነው። ሳንድዊቹን በመስኮቱ አቀበልኩት፣ አመሰገነኝ ብለኸኛል። የሽማግሌው መስኮት ተከፍቶ ዝናብ ሲገባ ነበር፤ መልሰው ለመዝጋት አቅም አላገኙም። ከረጢቱ ግን ደረቅ ሆኖ በባዶው ወንበር ላይ ነው የተገኘው። በወዲያኛው በር ዞረህ ነው ያስገባኸው። እጁን የሚዘረጋ ሰው ከረጢቱ እጁ ላይ ይሰጠዋል፤ አንተ አጠገባቸው አስቀምጠህ በሩን ዘጋህ፣ መቀበል እንደማይችሉ ስላየህ። አምባሩም ኩባያውም ከፊትህ ነበር።»

«ተኝቶ መስሎኝ ነው።»

«ተኝቶ የመሰለህን ሰው አመሰገነኝ አትልም። ሰክሮ ነበር በሉ ብለህም ሠራተኛ አታስፈራራም። አምቡላንስ ቢጠራ መስመሩ ይዘጋል፣ ብሪዝበን ያሉት ሰዎች ቀይ ያያሉ። አንተም በሩን ዘግተህ ተመለስክ። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ ያን ጊዜ ቢደረስላቸው ይተርፉ ነበር።»

ግሬም ዙሪያውን አየ፤ የሚያግዘው ዓይን ሲያጣ አንገቱን ደፋ። ኋላ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ አሥሮታል፤ ሱቁም ለሌላ ሰው ተላለፈ። በዚያ ጠዋት ግን ያለ አንድ ቃል ተነሥቶ ከሳጅኗ ጋር ወጣ። ዳረል ቫይኔን ይቅርታ ጠይቆ እጇን ያዘ። ብሮንዊን ወደ ጥጉ ሄዳ ፍራንካ ፊት ቆመች።

«አባትሽን ያናገርኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «ሰክረዋል ብዬ ሳቅኩ።»

«አባቴ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም» አለች ፍራንካ።

«አላወቅኩም። በሴት ስም ሲጠሩኝ... ‹ፍራንካ፣ ቶሎ በይልኝ› አሉኝ። ስምሽ እንደሆነ አላወቅኩም። ሰካራም የሴት ጓደኛውን እየጠራ መስሎኝ ነው የሳቅኩት።»

ፍራንካ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረች። አባቴ ስኳሩ ሲወርድበት ያገኘው ሰው ሁሉ እኔን ይመስለዋል፣ እናቴንም በእኔ ስም ነበር የሚጠራት ብላ በቀስታ ነገረቻት። ከዚያ ቀና አለች።

«አንቺስ ምን ብለሽ መለስሽለት?»

ብሮንዊን መዋሸት ትችል ነበር፤ ሌላ የሰማ ሰው አልነበረም።

«ለማንም መኪና እንደምለው ‹ወደ ፊት ይቅረቡ› ነው ያልኳቸው።»