የኦክስጅኑን መሰኪያ ማን ነቀለው?

ጡረተኛው ሽማግሌ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ሲያስተነፍሳቸው የኖረው የኦክስጅን መሣሪያ አጠገባቸው ቆሟል፤ መሰኪያው ግን ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቋል። በእሱ ፋንታ ሶኬቱ ላይ የተሰካው የወንድ ልጃቸው የስልክ ቻርጀር ነበር።

«ለስልኩ ብሎ አባቱን ገደለ!» አለች የእንጀራ እናቱ። ከምትሠራበት ዳቦ ቤት በሽርጧ ሮጣ መምጣቷ ነው።

ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ዐይኑን ያሻል። ሰፈርተኛው «ጠርሙስ» ነው የሚለው።

«አንተ ነህ የሰካኸው?» አለችው ለምርመራ የመጣችው ኢንስፔክተር።

«እንጃ። ጠጥቼ ነው የገባሁት። ከእንቅልፌ አሁን ነው የቀሰቀሱኝ። ሰክቼው ይሆናል…»

«እስቲ ስልክህን።»

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ብትነካካው አልበራ አለ፤ ባትሪው አልቋል።

አባቷን ስታስታምም የኖረችው ትልቋ ልጅ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ…» ብላ መጨረስ አቃታት።

ኢንስፔክተሯ ቻርጀሩን ይዛ ቤቱን ዞረች። የሞከረችው ሶኬት ሁሉ ተቀበላት። የመሣሪያውን መሰኪያ ስትሞክር ግን አሮጌዎቹ ሶኬቶች እንቢ አሏት፤ እግሩ ወፍራም ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ያገኘችው ካውያም እግሩ ያው ወፍራም ነበር።

«ልብስ የምትተኩሱት የት ነው?»

«ሽማግሌው ክፍል ነዋ» አለች የእንጀራ እናቲቱ። «ወፍራም የሚቀበለው ያ አንዱ ነው። እሳቸው ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ ጠብቀን ነው የምንተኩሰው።»

ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም ሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ቻርጀር እግሩ ቀጭን ነው፤ የትም ይገባል። ይህ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ባዶ ሶኬት እያለው እዚህ ድረስ ምን አመጣው? ተሰክቶ የቆየ ስልክስ እንዴት ባትሪው ያልቃል? መሣሪያውን ካልነቀሉለት የማይሠራው ካውያው ብቻ ነው። እመቤት፣ የእርስዎ ልብስ ዱቄት በዱቄት ነው። የልጁ እንደተኛበት ተጨማዷል።» ወደ ትልቋ ልጅ ዞረች። «ያንቺ ቀሚስ እጥፋት ግን ጣት ይቆርጣል።»

ልጅቷ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«የሥራ ፈተና ነበረኝ» አለች። «እኩዮቼ ወግ ማዕረግ ሲያዩ እኔ እዚህ ቤት አረጀሁ። አባባ ተኝቶ ነበር፤ ቶሎ ተኩሼ ልመልሰው ብዬ ነቀልኩት። ወዲያው “ተራሽ ደርሷል” ብለው ደወሉልኝ። ካውያውን አስቀምጬ ሮጥኩ። መሣሪያውን ረሳሁት! በእግዜር፣ ረሳሁት!»

«መርሳትሽን አምናለሁ። ቻርጀሩን ግን ረስተሽ አልሰካሽውም።»

ወንድሟን በአገጯ አመለከተች። «ስመለስ አባባ ሞቶ አገኘሁት። እሱ እንደሆነ… ስሙ ድሮም የጠፋ ነው ብዬ…»

ጠርሙስ እህቱን ትክ ብሎ አያት።

«እትዬ፣ ብትነግሪኝ እኮ በገዛ አፌ “እኔ ነኝ” እል ነበር።»

ልታቅፈው ተነሣች። እሱ ግን አልፏት ሄዶ የአባቱን ፊት በአንሶላው ሸፈነ።