ቢጫው ስንዴ

«ወላሂ ጋሼ! ማዳበሪያ የሚባል ነገር እዚህ ከተማ በዓይኔም አላየሁ» አለ ኑረዲን ለታላቅ ወንድሙ።

መርዋ አጎቷን እጅ እያስታጠበች ነበር። ውሃው ከእጃቸው አልፎ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። አባቷ ኑረዲን ቀና ብሎ አያት፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

ትናንት ጀሪካን ፍለጋ ከእህል ሱቃቸው ጀርባ ወዳለው መጋዘን ገብታ ሸራውን ስትገልጥ፣ እስከ ጣሪያው የተደረደረ ነጭ ከረጢት አይታለች። «ዩሪያ ማዳበሪያ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «በመንግሥት ድጎማ ለአርሶ አደሩ የቀረበ»። አባቷ ከኋላዋ ደርሶ ሸራውን መለሰና «የሰው ዕቃ ነው። አላየሽም፣ እሺ?» አላት። እሷም እሺ ብላ ወጣች።

አጎቷ ሰዒድ ከስልጤ ገጠር የመጡት ዛሬ ማለዳ ነው።

«መንግሥት ዋጋውን ደጉሞ ልኮልናል ተባለ» አሉ እጃቸውን እያደረቁ። «ዝናብ እየመታን ተሰለፍን። ኋላ ጭነቱ መንገድ ላይ ቀረ አሉን። የት እንደቀረ የሚያውቅ የለም። ስንዴው ቢጫ ሆኗል፤ ከእንግዲህ ቢገኝም ጊዜው አልፏል።»

«አላህ ያውቃል፣ ጋሼ» አለ ኑረዲን በቀስታ።

«በሬውን ሸጥኩት። ልጄ ከድጃም ዘንድሮ ትምህርት ይቅርብኝ ብላለች። ዐረብ አገር የሚልካት ደላላ አግኝታለች። ከሰው እንዳትሰማ ብዬ ነው የመጣሁት።»

መርዋ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። በየአረፋው ገጠር ሲሄዱ ከከድጃ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው ነው የሚተኙት። ከድጃ ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው። ልጅ ሳሉ ስንደዶ ይዛ «ክትባት! ክትባት!» እያለች ዶሮዎቹን ጓሮ ለጓሮ ታሳድዳቸው ነበር። መርዋ ይህን አስባ ፈገግ ልትል ስትል እንባዋ ቀደማት።

ከምሳ በኋላ አጎቷን ልትሸኝ ወጣች። እስከ ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ መያዣ ድረስ ጭቃውን እየዘለሉ ሄዱ። ሰልፉ ጋ ሲደርሱ አላስቻላትም።

«አጎቴ… እኛ መጋዘን ውስጥ…»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ቆማ አየቻቸው።

«ጠዋት ለውዱእ ውሃ ፍለጋ ስዞር በሩ ክፍት ነበር። ማዳበሪያ ታገኝልኝ እንደሆን ብዬ የጠየቅሁትም፣ ምናልባት ራሱ ይነግረኛል ብዬ ነው።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ማለብኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉት?»

«እናታችን ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር። በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግሁት። እፊቴ ሲዋረድ ማየት አልቻልኩም።» ትከሻዋን ያዙ። «አደራ እንዳትነግሪው። እንዳላየሁ ሆኜ ልሂድ።»

«ፋዘር፣ ይግቡ! አንድ ሰው ነው የቀረን!» አለ ወያላው። አጎቷ ጎንበስ ብለው ገቡ። ታክሲው ሲነሳ በመስኮቱ እጃቸውን አወጡላት፤ ፊታቸውን ግን ወደ እሷ አላዞሩም።

መርዋ ስትመለስ አባቷ ሱቁ ውስጥ ለብቻው ቁጭ ብሏል።

«ተሳፈረ?»

«አዎ።»

«ምን አለሽ?»

የአጎቷን አደራ አሰበች። ምንም አላሉም ብትል ሁሉም እንደነበረ ይቀጥላል። አባቷ እራቱን ይበላል፤ ነገ ሱቁን ይከፍታል። ከድጃም ትሄዳለች።

«ከረጢቶቹን አይተዋቸዋል፣ አባ» አለች። «ገና ሳትምልላቸው ነው ያዩት።»

ኑረዲን ፊቱን ወደ መጋዘኑ አዞረ። መርዋም እንደ ትናንቱ እሺ ብላ አልወጣችም። በርጩማ ስባ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች።