ሻምበል ያፈጠረበት ምሽት

«ሻምበል፣ በናትህ አንዴ ብቻ ቅመስ!»

ሻምበል ሽሮውን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቁስሉን እንዳይልስ ከዘይት ጀሪካን ተቆርጦ አንገቱ ላይ የተደረገለት ነገር ጉልላት አስመስሎታል። ድመት ሆኖ ሻምበል መባሉ ሳያንስ ኩራቱም የሹም ነው። ሮዳስ ግን መሳቅ አቃታት። ከእናቷ የስፌት መኪና ስር የዋጠው ክር በቀዶ ሕክምና ከወጣለት ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም። ዛሬ ደግሞ ስፌቱ አብጦ መግል ይዟል። በዘንቢል ከታ ወደ ሐኪሙ ሮጠች።

የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ተድላ ቁስሉን አጥቦ መርፌ ወጋው።

«ቁስሉ ይድናል። የሚያሳስበኝ አለመብላቱ ነው። ድመት ሳይበላ ከሰነበተ ጉበቱ ይጎዳል። እስከ ነገ ካልበላ ልናጣው እንችላለን። ምንድን ነው የምትሰጪው?»

«ሽሮ።»

«ሽሮ?»

«ሁዳዴ ነው እኮ ዶክተር። ቤታችን ፍስክ አይገባም።»

ዶክተሩ ሳቁ አመለጠው። «የንስሐ አባቱ ማን ናቸው ጹም ያሉት? የተቀቀለ ሥጋ ስጪው፣ ለብ ያለ። ጨውና ሽንኩርት እንዳይነካው።»

መናገሩስ ቀላል ነው። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ግቢው ሁሉ ጿሚ ነው። የሮዳስ እናት ማሪቱ ደግሞ የፍስኩን ድስት ከቅበላ ማግስት ጀምሮ በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ የምትሰቅል ሴት ናት።

የጎረቤታቸው ልጅ ኡሙልኸይር ወሬውን ስትሰማ እጇን አወናጨፈች።

«አቦ አታካብጂ! እማዬ ለማፍጠሪያ ሾርባ እየሠራች ነው። ሽንኩርቱ ሳይገባ ሥጋ ታወጣልሻለች። ማዘርሽ ፉሪ ሰፈር ልብስ ልታደርስ ሄዳ የለ? ሳትመጣ ታበይውና ሳህኑን እመልሰዋለሁ። ማን ያያል?»

አዛን ሲል ኡሙልኸይር በአንድ እጇ ቴምር፣ በሌላው ሳህን ይዛ መጣች። ሮዳስ ሥጋውን በጣቷ አድቅቃ አፍንጫው ስር አቀረበችለት። ሻምበል አሸተተ። ሮዳስ ሥጋውን ይበልጥ አስጠጋችለት። ከዚያ ምላሱ ወጣች፤ አንዴ ላሰ፣ ደገመ፣ ከዚያማ ጀሪካኑ ከሳህኑ ጋር እየተንኳኳ በላ በላ በላ!

«አፈጠረ!» ኡሙልኸይር ቴምሯን እንደጎረሰች ጮኸች። ሁለቱም እንባቸው እየወረደ ተቃቅፈው ዘለሉ።

የውጭው በር ተንኳኳ። ማሪቱ ነበረች።

«ሳህኑን ስጪኝ፣ ቶሎ!» አለች ኡሙልኸይር።

ሮዳስ ሳህኑን አንስታ ልታቀብል ነበር። ግን ሻምበል ነገም ይርበዋል፣ ከነገ ወዲያም። በየቀኑ ከእናቷ እየደበቀች ልታኖረው ነው? ሳህኑን መሬት ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ ነይ እዪው! ሥጋ በላ! ከነኡሙልኸይር ቤት ነው፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

ማሪቱ በሩ ላይ ቆመች። ሳህኑን አየች። ሻምበል ከጀሪካኑ ውስጥ ጢሙን እየላሰ «ሚያው» አላት፤ ጭማሪ ፈልጎ ነው። አማተበች።

«በይ ሳህኑን አጥበሽ መልሺ» አለች ቀስ ብላ። «ባዶውን ግን እንዳትወስጂው፣ ዳቦ አድርጊበት።»

ከዚያ ወንበር ስባ ላዩ ላይ ወጣችና ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ፌስታል አወረደች።