የኮምጣጤ የመጨረሻ ጥንስስ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ወንበር ያጣ ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ፤ ይህ ወሬ ቆመው የሚሰሙት አይደለም። የሞተ ሰው አለበት፣ ጥል አለበት፣ ቢራም አለበት። እናንተ ግን ዓይናችሁን ከሟቹ ሚስት ላይ አታንሱልኝ። ባል ገዳይ ተብላ ዕድሜ ልኳን ልትኖር የነበረችው እሷ ናትና።

ነገሩ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። መርማሪዋ ሁለት ፖሊሶች አስከትላ ስትደርስ ሟቹን ከምድር ቤቱ ጎትተው አውጥተው ኮሪደሩ ላይ አጋድመውታል። የጠረጴዛ ልብስ ጣል አድርገውበታል፤ ጨርቁ አጥሮ እግሮቹ ወጥተዋል። ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ወዳጆቹ «ኮምጣጤ» ይሉታል። ቢራ ለሚጠምቅ ሰው ከዚህ የከፋ ስም የለም፤ ስሙ ግን የወጣለት በምላሱ እንጂ በቢራው አልነበረም። ቢራውንማ ጠላቶቹም እያንገሸገሻቸው ያመሰግኑታል።

መርማሪዋን ደግሞ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ገለባ አታሳልፍም። አጠር ደልደል ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ቢራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሴት ናት። የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ፊቱን አየች። ቁስል የለም፣ የትግል ምልክት የለም። መልሳ ሸፈነችውና ሳሎን ገባች።

ሳሎኑ ውስጥ አራት ሰዎች አሉ። ሦስቱ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሚስትየው ብቻዋን በሌላ ወገን፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ ወለል የተከሰሰችበትን ነገር ሳይናገር ይናገራል።

«ምኑን ነው የሚመረምሩት?» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ። «ገዳይዋ ይችውና! ቁጭ ብላለች!»

«እንዴት ገደለችው?»

«ቢራ ሲፈላ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ከባድ ነው፣ እንደ ውሃ ወለል ላይ ይተኛል። ማራገቢያ የገጠምነው ለዚያ ነው። እሷ ግን አጠፋችው!»

ሚስትየው ቀና አላለችም። «አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ራሴን እየፈለጠኝ ነበር፤ ጩኸቱ ግድግዳ አልፎ ይመጣል። አጠፋሁትና እህቴ ቤት ሄድኩ። ሲወርድ ያበራዋል ብዬ…»

«ይኸው! በገዛ አፏ!»

«ተዋት እባክህ» አለ የጥርስ ሐኪሙ ለስለስ ብሎ። «ሆን ብላ አይደለም። እርግጥ ሰውዬው ሞቷል፤ ግን ሆን ብላ አይደለም።» እንዲህ ያለ ማጽናናት ከስድብ ይብሳል።

ሦስተኛው ሰው፣ ፍሪጅ ጠጋኙ፣ ከት ብሎ ሳቀ። «አይ ዶክተር! ትናንት ከሟቹ ጋር አንገት ለአንገት ልትተናነቁ ነበር፣ ዛሬ አስታራቂ ሆንክ?»

«አንተ ዝም በል! ያመጣኸው የጋዝ ሲሊንደር ያልፈነዳው በእግዜር ቸርነት ነው።»

«በቃ» አለች መርማሪዋ። «እዚህ ቤት ሰው ሞቷል። አንድ በአንድ አነጋግራችኋለሁ።»

ሚስትየውን ወጥ ቤት ወሰደቻትና ውሃ ቀዳችላት። «ትናንት እንዴት ዋሉ?»

«እንደ ወትሮው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ብቅል ይፈጫሉ፣ ይቀቅላሉ፣ ይሰዳደባሉ።»

«መሰዳደቡም ሥራ ነው?»

«እሱ ካለ ነው እንጂ! የወንድሙን ቢራ የእግር እጣቢ ይለዋል፤ የፍሪጅ ጠጋኙን ያደረ ላብ። ትናንት ግን ከዶክተሩ ጋር በር ዘግተው ነው የተጣሉት። ‹ነገ ሁሉም ባለበት አወጣዋለሁ› ሲለው ሰማሁ፤ ምኑን እንደሆነ አልነገረኝም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እየተንጨረጨረ ምድር ቤት ወረደ። የተቀቀለው ገና ይፋጃል። ‹እስኪበርድ ጠብቅ እንጂ› ብለው፣ ‹አንቺ ደግሞ!› ብሎ እርሾውን ከነንዴቱ ገለበጠበት። እሱ እኮ ለአንዲት ብሎን የሚጨነቅ ሰው ነው። እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።»

ብርጭቆውን ሳትጠጣ አስቀመጠችው። «ገድዬዋለሁ፣ አይደል?»

«አላውቅም እህቴ። ሳላውቅ አላጽናናሽም።»

ቀጥሎ ወንድምየው ገባ። ዓይኑ ቀልቷል፣ እጁ ግን ጠብ ይፈልጋል።

«ከወንድምህ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ከወንድም ጋሼ ጋር? እርስዎ ከጃርት ጋር ተቃቅፈው ተኝተው ያውቃሉ?» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ግን ወንድሜ ነው። እየተሰዳደብን ልናረጅ ነበር ያሰብነው።»

ጭነት አራግፎ በቀጥታ እንደመጣ፣ በር ላይ ከፍሪጅ ጠጋኙና ከሐኪሙ ጋር እንደተገናኘ፣ የምድር ቤቱን በር ሲከፍት ራሱን እንዳዞረውና ትንፋሹን ውጦ ወንድሙን እንደጎተተው ተናገረ። በርሜሉ ሲፈላ ሰምቶ እንደሆነ ስትጠይቀው ተቆጣ። «ሬሳ ተሸክሜ የበርሜል ዘፈን ላዳምጥ?»

ፍሪጅ ጠጋኙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ።

«የጋዙን ሲሊንደር ያመጣኸው አንተ ነህ?»

«ትናንት፣ ጢም አድርጌ ሞልቼ። ቢራው ራሱ የሚያወጣው ዓይነት ጋዝ ነው። የደረሰውን ቢራ ከበርሜል ገፍቶ ያወጣልናል። ዛሬ ልንቀዳ ነበር የተሰበሰብነው።»

«ከትናንት ወዲህ የቀዳ ሰው አለ?»

«ኧረ ጉድ! ሁሉም ሳይሰበሰብ ቧንቧውን የነካ ከጠማቂ ማኅበራችን ይባረራል። ሕጉን ያወጣው ኮምጣጤ ነው። አንዴ የገዛ ወንድሙን እዚህ በር ላይ ብርጭቆውን ቀምቶ አባሮታል።»

በመጨረሻ የጥርስ ሐኪሙ ተቀመጠ። ባለፈው የጠማቂዎች ውድድር ዋንጫ ወስዶ ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ «ባለዋንጫው» ሲሉት ደስ ይለዋል።

«አልደብቅዎትም» አለ። «ጠዋት መጥቼ ነበር፤ ጎረቤትየዋም አይታኛለች። ስለ ትናንቱ ልንታረቅ አብረን ወረድን። ጥንስሱ ይፈላል አይገልጸውም! የቱቦው ቡልቅ ቡልቅ ከደረጃው ይሰማል። ማራገቢያው ግን ጠፍቷል። ‹መስኮት ክፈት› አልኩት፤ ‹አንተ ጥርስህን ንቀል› አለኝ። ጥዬው ሄድኩ። ምነው እጁን ይዤ ባወጣሁት!»

«ያጣላችሁ ምን ነበር?»

«ቅናት። ዋንጫው አላስተኛውም።»

መርማሪዋ ጉልበቷን እየደገፈች ምድር ቤት ወረደች። ሬሳው ከወጣ ወዲህ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ማራገቢያውም ይዞራል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጣሪያው ራስ ሊነካ ምንም አልቀረው። መሀል ላይ የትናንቱ ጥንስስ በትልቅ በርሜል ተከድኗል። ክዳኑ ላይ ውሃ የያዘ ጠማማ ቱቦ ተሰክቷል፤ ጋዙ በእሱ በኩል እየተንቦለቦለ ነው የሚወጣው። ቆማ አየችው። ውሃው ንቅንቅ አይልም።

ክዳኑን አነሳች። አረፋ የለም። አረፋ ወጥቶ የተመለሰበት ክብ ምልክትም በርሜሉ ግድግዳ ላይ የለም። በጣሳ ጨልፋ ከአፏ አደረሰችው፤ በሕይወቷ የመጀመሪያው ቢራ መሆኑ ነው። ፊቷን አጨማደደች። እንደ ሳል ሽሮፕ ይጣፍጣል።

ጥግ ወዳለው ሲሊንደር ዞረች። መክፈቻው ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል። ስትከፍተው እስ እንኳ አላለም፤ ባዶ ነው። የደረሰው ቢራ ያለበትን በርሜል ወዘወዘችው፤ ሙሉ ነው፣ አልተነካም። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሳች። የእያንዳንዱ ሰው ጠርሙስ የየራሱ ቀለም ክዳን አለው፤ ስማቸውም ተጽፎበታል። ሰማያዊው ከሥሩ ነጭ አተላ አለው። ቀዩም፣ ጥቁሩም አለው። የአረንጓዴው ሥር ግን እንደታጠበ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነው።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። በአንድ እጇ ጣሳውን፣ በሌላው ባለአረንጓዴ ክዳኑን ጠርሙስ ይዛለች።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በጠመቃችሁ ማግስት ምድር ቤት ስትወርዱ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ጆሮዬን እሰጣለሁ» አለ ሾፌሩ። «ፈልቷል ወይስ አልፈላም ብዬ።»

«ይኼ ይጠየቃል?» አለ ፍሪጅ ጠጋኙ። «ሌላ ምን ይደረጋል?»

«እሱ ፊቱን ሳይታጠብ ነበር የሚወርደው» አለች ሚስትየው።

ሐኪሙ ዓይኑን ጠርሙሱ ላይ ተክሏል።

«ቅመሱ» አለች መርማሪዋ፣ ጣሳውን ለሾፌሩ እየሰጠች።

ቀመሰ። ግንባሩ ተቋጠረ። «ይሄ… ይሄ እኮ ገና የብቅል ስኳር ነው! ምንም አልፈላም!»

«አልፈላም። ወንድምህ ትናንት በንዴት እርሾውን በሚፋጅ ጥንስስ ላይ ገለበጠው።»

«እርሾው ተቃጥሏላ!» አለ ፍሪጅ ጠጋኙ። «የሞተ እርሾ ምን ጋዝ ያወጣል?»

«ምንም። ስለዚህ ይህ በርሜል ዝንብ እንኳ አልገደለም። ሆኖም ክፍሉ በጋዝ ተሞልቶ ነበር፤ በሩን የከፈተውን ሰው ራሱን አዙሮታል። ከየት መጣ? ትናንት ጢም ብሎ የተሞላው ሲሊንደር ዛሬ ባዶ ነው። ቢራ ተቀድቶበት እንዳይባል የሚቀዳው በርሜል አልተነካም። አፍስሶ ነው እንዳይባል መክፈቻው ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል። የሚያፈስ ሲሊንደር ራሱን አይዘጋም፤ የሞተ ሰውም አይዘጋውም። ሰው ከፈተው፤ ሥራውን ሲጨርስ ሰው ዘጋው።»

ሾፌሩ ወደ ፍሪጅ ጠጋኙ ዞረ። «ያንተ ሲሊንደር!»

«ቆይ» አለች መርማሪዋ። «እሱ ቢሆን ኖሮ ሲሊንደሩን መልሶ ሳይሞላ አይተወውም ነበር። ደግሞ ገዳዩ ጥፋቱን በጥንስሱ ላይ ሊያላክክ ያሰበ ሰው ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጥንስሱ ይፈላል ብሎ ማመን አለበት። ከመካከላችሁ ‹ሲፈላ ሰማሁ› ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከደረጃው ይሰማል አለኝ።»

ሁሉም ሐኪሙን ተመለከቱት።

«ጠዋት… ፈልቶ አቁሞ ይሆናል» አለ።

«የፈላ ቢራ ስኳሩን ይበላል፣ አንተ ቀጣፊ!» አለ ፍሪጅ ጠጋኙ። «ይሄ እኮ ለዳቦ የሚቀባ ነው!»

መርማሪዋ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳች። «እውነተኛ ጠማቂ መጀመሪያ ያዳምጣል። ዶክተር አላዳመጡም፤ ልማዱ የለዎትማ። ቤት ውስጥ የተጠመቀ ቢራ ጠርሙስ ውስጥም ይሠራልና አተላ ይጥላል። የሁሉም ሥር አተላ አለው፤ የእርስዎ የለውም። ዋንጫ የወሰዱበት ቢራ ከሱቅ ተገዝቶ በራስዎ ጠርሙስ የተገለበጠ የፋብሪካ ቢራ ነው። ሟቹ ዛሬ ሁሉም ባለበት ሊያወጣው የነበረው ይህንን ነው።»

ፍሪጅ ጠጋኙ በሳቅና በጩኸት መካከል ሆነ። «የፋብሪካ ቢራ! ዓመቱን ሙሉ ስለ ብቅል ስታስተምረን!»

«አትሳቅብኝ!» ሐኪሙ ብድግ አለ። ልስላሴው ሁሉ ረገፈ። «ይኸው! ይህንን ነው የፈራሁት! ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ‹ልብስህን አስወልቄ ነው የምሸኝህ› ብሎ ሳቀ። ጠርሙሴን ለማሳየት ሊያዘጋጅ ወደ ላይ ሲወጣ ማራገቢያው ጠፍቶ አየሁ። ሲሊንደሩን ከፍቼ ወጣሁ፤ ክፍሉ እስኪሞላ ጠበቅኩ። ‹ጥንስስህ ገንፍሏል› ብዬ ጠራሁት… ሮጦ ወረደ።»

«ኋላም ትንፋሽህን ውጠህ ገብተህ መክፈቻውን ዘጋህ» አለች። አንቱታውን ትታዋለች። «ከዚያም ሚስቱን ‹ሆን ብላ አይደለም› እያልክ ቀበርካት።»

ሾፌሩ ሊዘልበት ሲል ፖሊሶቹ ያዙት፤ ሐኪሙንም ይዘው ወጡ።

ሚስትየው ወደ መርማሪዋ ቀረበች። «ማራገቢያውን ባላጠፋው ኖሮስ?»

«እህቴ፣ ያ በርሜል ትንፋሽ አልነበረውም። ማራገቢያው እንደጠፋ ባልሽ እዚያ ቢያድር በሰላም ይወጣ ነበር። የገደለው ሰው ነው። ራሱን ያመመው ሰው ማብሪያ ማጥፊያ መንካቱ ግድያ አይባልም።»

ሾፌሩ ግድግዳውን ተደግፎ «እትዬ…» አለ። ጎንበስ ብሎ ቀረባት።

«ዛሬ አትለምነኝ» አለችው። «ይቅር ልበል አልበል አላውቅም። ሞቶ ከተገኘ ጀምሮ እንኳን ላለቅስለት ስሙን ለመጥራት አፍሬ ነው የዋልኩት። አሁን ልቀቁኝ፤ ባሌን ላልቅስ።»

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። በስሙ ጠራችው፤ ኮምጣጤ ብላ ሳይሆን እናቱ ባወጣችለት ስም። ከዚያ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

እናንተም ልጆቼ፣ ሐዘን ቤት ገብታችሁ ጣታችሁ ሰው ላይ ለመቀሰር ሲቸኩል፣ አደራ፣ ይህችን ሴት አስታውሱልኝ።