የአምበሉ ፖስት ካርድ

የፖስት ካርዶቹ ሳጥን ባዶ ነበር።

መስታወቱ አልተሰበረም። ቁልፉ በብረት ተፈልቅቆ ክዳኑ ተገልብጧል። የአዳራሹ በር ግን አልተነካም።

ፋኢዛ አብዱልአሊም አልጮኸችም። ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እየሸጠች፣ ዕድሜዋን ሙሉ የድሮ ኳስ ተጫዋቾችን የፎቶ ፖስት ካርድ ስትሰበስብ ኖራለች። «ሴት ልጅ ከኳስ ጋር ምን አላት?» እያሉ ስቀውባታል። እሁድ በሚከፈተው ኤግዚቢሽን መልሱን ልታሳያቸው ነበር።

ኢንስፔክተር የኔአለም ሳጥኑን ዞሮ አየና ወደ እሷ ተመለሰ።

«የአዳራሹ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«አንዱ የኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ ጋ ነው። አንዱን ለኔ ሰጥተውኝ ነበር፤ ዕቃ ሲያመላልስልኝ ለወንድሜ ለጀማለዲን ሰጥቼው ነበር።»

«ካርዶቹን የሚፈልግ ሰው ነበር?»

«ጀማለዲን ‹ይህን ኮተት ሽጪው› እያለ ይጨቀጭቀኛል። ደጀን ከተማ ደግሞ ዘመነ የሚባል የድሮ ፎቶ ነጋዴ አለ። ኮሚቴው ባለበት ሽጪልኝ ብሎኝ እንቢ ብዬዋለሁ።»

ጀማለዲን ሲጠየቅ ፊቱ ቀላ።

«እህቴን እጨቀጭቃታለሁ እንጂ አልሰርቃትም! ትናንት ካርዶቹን አድርሼ ቁልፏን መለስኩላት። ከዚያ መርጡለ ማርያም ለቅሶ ሄድኩ። ያደርኩትም እዚያው ነው። ለቀስተኛውን ሁሉ ጠይቁ።»

ተጠየቁ። እውነቱን ነበር።

የኔአለም ወደ ደጀን ወረደ። የዘመነ ሱቅ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነው። ከባንኮኒው ሥር አንድ ከረጢት ተገኘ። ካርዶቹ ውስጡ ነበሩ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ጠዋት ሱቄን ስከፍት በሬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።»

«ለምን ለፖሊስ አልደወልክም?»

«ማን ያምነኛል? ይኸው እርስዎም አላመኑኝም!»

ፋኢዛ ተጠርታ መጣች። ካርዶቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። መጨረሻ ላይ የተቀደደ ፖስታ አነሳች።

«የአወቀ ካርድ የለም።»

«አወቀ ማነው?» አለ ዘመነ።

ፋኢዛ መልሷን ለየኔአለም ሰጠች። አወቀ በጃንሆይ ጊዜ ለከተማው ቡድን የተጫወተ ሰው ነው። ካርዱን በቅርቡ ቁይ ከተማ ሄዳ ከሚስቱ ከእማማ አሰገደች ተቀብላለች። በመክፈቻው ዕለት በእጇ ልትሰቅለው ብላ ፖስታ ውስጥ አሽጋ አስቀምጣው ነበር።

«ማን አይቶታል?»

«ማንም። ወንድሜ እንኳ አላየውም። ለኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ለአቶ ኃይለ ሚካኤል፣ የአወቀ ካርድ እንዳለኝ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም።»

የኔአለም ከረጢቱን አየው። የፎቶ ነጋዴ ብርቅ የሆነውን ካርድ አውጥቶ አይጥልም። የተፈለገው ያ አንድ ካርድ ነው፤ ሌሎቹ ዘመነን ለማስወንጀል የመጡ ናቸው።

አቶ ኃይለ ሚካኤል ጣቢያ የገቡት ሙሉ ልብስ ለብሰው ነው። ሟች አባታቸው የከተማው ቡድን የመጀመሪያው አምበል ነበሩ ተብሎ ይነገራል። እሁድ የኳስ ሜዳው በአባታቸው ስም ሊሰየም ነው።

«የአወቀን ካርድ አይተውታል?»

«የት አይቼው? ፋኢዛ አለኝ አለችኝ። አበቃ።»

«አምበሉ እሱ ነበር የሚሉ አሉ።»

«የማይረባ ወሬ ነው! የነጠላ ጥለት ክንዱ ላይ የጠመጠመ ሁሉ አምበል ነው እንዴ?»

የኔአለም እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጥለት መጠምጠሙን ማን ነገረዎት?»

ሰውየው እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሰደዱና ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ካርዱ ላይ ሁለት ወጣቶች ቆመዋል። አንደኛው ኳስ ታቅፎ ክንዱ ላይ ጥለት አስሯል። ሌላው ትከሻውን አቅፎት በሳቅ ፈርሷል።

«የሚስቀው አባቴ ነው» አሉ አቶ ኃይለ ሚካኤል። «አምበሉ አወቀ እንደነበር ሊሞት ሲል ነገረኝ። የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበር፤ በኋላ ስሙን ያነሳው ሰው የለም። ሜዳው በአባቴ ስም ሊጠራ ነው። ያን ጊዜ ይህ ካርድ ቢወጣ ምን ብዬ እቆማለሁ?»

«ለምን አላቃጠሉትም?»

«ክብሪት ጭሬ ነበር። አባቴ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እጄ እንቢ አለኝ።»

በማግስቱ ሽማግሌዎች ፋኢዛ ሱቅ መጡ።

«ካርዱ ተመልሷል» አሉ። «ክሱን ተዪው። ካርዱንም ለአሁኑ አታውጪው። የትልቅ ሰው ስም ነው፣ ልጄ።»

«አወቀስ ስም የለውም?»

«ከተማው ይቀየምሻል።»

«ይቀየመኝ። የተቀየመ ጨርቁን ሌላ ሱቅ ይግዛ። ክሱም አይነሳም፣ ካርዱም ይሰቀላል!»

ጀማለዲን ጥግ ቆሞ ይሰማ ነበር። እንግዶቹ ሲወጡ መዶሻና ሚስማር አመጣላት።

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። የሜዳው ስያሜ ለሌላ ጊዜ እንዲተላለፍ ተወስኗል። የአወቀ ካርድ መሃል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «አምበል» ተብሎ ተጽፏል። እማማ አሰገደች ከቁይ መጥተው፣ ረጅም ጊዜ ከፊቱ ቆመው አዩት። ከዚያ ሄደው የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

አንድ አስተናጋጅ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ይህ የክብር እንግዶች ቦታ ነው። ከኋላ ላስቀምጥዎት።»

«ባሌ ጎል ሲያገባ ትከሻቸው ላይ ያወጡት ነበር» አሉ አሮጊቷ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሲበሉ ግን ለብቻው ነበር የሚያቀርቡለት። ከበር አጠገብ። እኔ ወደ ኋላ አልሄድም።»

አስተናጋጁ ዞር ብሎ የሚረዳው ሰው ፈለገ። ፋኢዛ መጥታ ከአሮጊቷ አጠገብ ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።

«በሉ፣ ጀምሩ» አለች።