ዛጎል ያለበት ግድግዳ

ሚዛ የሙሽራ ቤቷን ግድግዳ በመዳፏ ስትዳብስ አንድ ነገር ጣቷን ቧጠጣት። ጠጋ ብላ ብታይ ምስር የምታህል ዛጎል ናት። ከሥሯ ሌላ አለች፤ ከጎኗም ሌላ። ብሎኬቱ የተሠራው ከባሕሩ ዳር በተጫነ አሸዋ ነው።



ፈረንጅ ሁሉ የሚንጋጋበት ይህ የዛንዚባር ዳርቻ በባሕር መበላት ከጀመረ ቆይቷል። ሆቴሎቹ ማዕበል እንዳይደርስባቸው ግንብ ሲያቆሙ፣ ግንቡ የመለሰው ውኃ ወደ መንደሩ ዞረ። መንደርተኛውም ቢሆን አላነሰም፤ ቤት በሠራ ቁጥር አሸዋውን በበሬ ጋሪ ሲያጓጉዝ ኖረ። አሁን ባሕሩ የሚዛ እናት መቃብር ሥር ደርሷል። አባቷ ሽማግሌው ማካሜም መስጊድ ደጃፍ ቆመው፣ አሸዋ የጫነ ሰው ልጄን አያገባም ብለዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዛሬ ደግሞ ቤቱን አይተው የኒካውን፣ የጋብቻ ውሉን፣ ቀን ሊቆርጡ እየመጡ ነው።

እጮኛዋ ፋኪ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። ስትወደው ዝምታውን ነበር የወደደችው፤ አሁን ግን አንገበገባት።

«ይህን አሸዋ አንተ ነህ የጫንከው?»

«እኔ ነኝ። ቤት ሳይሠራ ልጄን እንዳይጠይቀኝ ያሉት አባትሽ ናቸው። ሌላ አሸዋ ሩቅ ነው፣ ይኸኛው እደጄ። ሰው ይቀድመኛል ብዬ ቸኮልኩ።»

«የእናቴን መቃብር ባሕሩ እየበላው?»



ጥግ ላይ የተበጠበጠ ኖራ ያለበት ባልዲ ተቀምጧል። አንዴ ብትቀባው አባቷ ምንም አያዩም። ብሩሹን አነሳች። ትወደዋለች። ለእሱ ስትል መዋሸትም አያቅታትም ነበር፤ በዚያ ግድግዳ ሥር ግን እንቅልፍ አይወስዳትም። ብሩሹን መልሳ ባልዲው ውስጥ ስትከተው የአባቷ ከዘራ ደጅ ላይ ተሰማ።

ፋኪ ሽማግሌው እስኪቀመጡ እንኳ አልጠበቀም።

«አባባ፣ ይህን ቤት በባሕሩ አሸዋ ነው የሠራሁት። ሚዛ ገና አሁን ማወቋ ነው።»

ማካሜ ግድግዳውን ዳበሱ። ዛጎሏን በጥፍራቸው ነካ አደረጉ። ሚዛ ከአሁን አሁን ውጣ ይሉታል ብላ ጠበቀች።

«የእናቷን አፅም ማዕበል ሳይወስደው ወደ ከፍታው ማዛወር አለብን» አሉ በመጨረሻ። «የሴት አፅም የሚይዝ የቅርብ ዘመዷ ነው። ወንድ ልጅ አልተሰጠኝም፤ የእኔም ወገብ ጉድጓድ አይወርድም። አማች ግን ኒካው ከታሰረ ጀምሮ ልጇ ነው።» ወደ ፋኪ ዞሩ። «ሐሙስ ታገባታለህ። ዓርብ ጠዋት መቃብሩ ውስጥ ወርደህ እናቷን በእጅህ ታወጣታለህ። ቃሌን ያጠፍኩት ለእሷ ብዬ ነው፤ የማርኩህ እንዳይመስልህ።»

ዓርብ ሚዛ ከሴቶቹ ጋር ከሩቅ ቆማ ጠበቀች። ፋኪ ሲመለስ እስከ ክርኑ እርጥብ አሸዋ ለብሶ ነበር፤ ዓይኑም ቀልቷል። እሷ ጆጉን አንሥታ ታስታጥበው ጀመር።

«እናትሽ እጄ ላይ በጣም ቀላል ናት» አላት።

«እናታችን» አለችው፤ ውኃውንም ማፍሰሷን አላቆመችም።