ከምሽጉ ውጭ የቀረችው ሮርማት

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. በመከር ወራት የራይን ወንዝ በሮርማትና በሆልትሃይም መካከል እንደ ወትሮው ሰፍቶና ዝም ብሎ ይወርድ ነበር። ሮርማት በስዊስ ዳር፣ ሆልትሃይም በጀርመን ዳር ያሉ መንደሮች ናቸው፤ የአንዱ ዶሮ ሲጮህ የሌላው ሰው ይነቃል፤ የአንዱ ልጅ የሌላውን ልጅ ያገባል። በሁለቱ መካከል በሽቦ ገመድ ተይዛ የምትመላለስ አንዲት መሻገሪያ ጀልባ ነበረች፤ ባለቤቷም ኮንራድ ቬርሊ የሚባል፣ ጥቂት መሬት፣ ጥቂት ላሞችና ፍሎራ የምትባል አንዲት ቡላ ባዝራ ያለችው የሮርማት ገበሬ ነበር። ሚስቱን ሊዝቤትን ያገኛት በዚያችው ጀልባ ላይ ነው፤ እርሷ የሆልትሃይም ልጅ ስትሆን ቅቤ ልትሸጥ ስትሻገር አይቷት ሂሳብ አልቀበልም ብሎ ነው ነገሩ የተጀመረው።

የሊዝቤት ወንድም አልቢን በርሜል ሠሪ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን በርሜል የሚገዛ ጠፍቶ ሥራ ፈትቷል። እሑድ እሑድ እየተሻገረ ከእኅቱ ማዕድ ይቀርብ ነበር፤ ድንቹን በልቶ የፖም ጠጁን ከጠጣ በኋላ ፖለቲካ ይጀምራል።

«ኮንራድ፣ እናንተ ጠግባችኋል፤ አይገባችሁም። እኛ አገር አንድ የሚያዝ ሰው ያስፈልጋል። አንድ! ሃያው ፓርቲ ሲጨቃጨቅ ውሎ ቢያድር ዳቦ አልሆነንም።»

«አንዱ ያበደ እንደሆነስ?» አለ ኮንራድ።

«ያን ጊዜ እናወርደዋለን፤ ምን ችግር አለው!»

ሁሉም ሳቁ፤ ሊዝቤትም ሳቀች። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በወንዝ ዳር ሲኖሩ እንኳ የማያስተውሉት ነገር ነው።

በሚቀጥለው ዓመት አልቢን አዲስ ቦት ጫማ አድርጎ ተሻገረ፤ ሥራም አግኝቷል፤ ሥራውም ሌሎች ሰዎችን መቆጣጠር ነበር። በሆልትሃይም የማዘጋጃ ቤት ደጃፍ አዲስ ሰንደቅ ተሰቀለ፤ አልሰቅልም ያለው መምህር ተነሥቶ የት እንደ ሄደ የሚጠይቅ ጠፋ። ሰላምታው እንኳ ተለወጠ፤ እጅ ተዘርግቶ ሆነ። መጀመሪያ ወጣቶቹ፣ ቀጥሎ ሥራ ያላቸው፣ በመጨረሻም ሥራቸውን ማጣት የማይፈልጉት ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ፤ እንዲህ እንዲህ እየተባለ በዚያ ማዶ እጁን የማይዘረጋ አልቀረም።

ሞሪትስ ቢካርት የሚባል የሆልትሃይም የከብት ነጋዴ ነበር፤ አይሁዳዊ ነው፤ ከኮንራድ አባት ዘመን ጀምሮ ጥጃ እየነዳ በዚያች ጀልባ ሲመላለስ የኖረ፣ ቀልድ የማይጠፋው ሽማግሌ። አንድ ቀን ቢካርት ሲሳፈር ከአግዳሚው ላይ የተቀመጡት የሆልትሃይም ሰዎች አንድ ላይ ብድግ ብለው ወደ ጀልባዋ ጫፍ ሄዱ። ሽማግሌው በባዶው አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ኮንራድን ተመለከተው። ኮንራድ ወደ ሽቦው ገመድ ዞረ፤ የእኔ ሥራ ሁሉንም እኩል ማሻገር ነው ብሎ ራሱን አጽናና፤ ስዊስም በሙሉ በዚያን ጊዜ ራሷን የምታጽናናው በዚሁ ቃል ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቢካርት ያለ ጥጃ፣ ባርኔጣውንና ከዘራውን ብቻ ይዞ ወደ ሮርማት ተሻገረ፤ ተመልሶም አልሄደም።

በደቡብ ከተራሮቹ ማዶም ሌላ አምባገነን ነበር። በ1936 በጋ አንዲት በመርዝ ጢስ የተወረረች የሩቅ አገር ንጉሠ ነገሥት እዚያው ስዊስ ምድር ላይ፣ ጄኔቫ ድረስ መጥቶ አቤት ቢል፣ የወራሪው ጋዜጠኞች በፉጨት ተቀበሉት፤ ኃያላኑም አዝነው ተለያዩ። ኮንራድ ይህን ከጋዜጣ ላይ ጮክ ብሎ አነበበ። ሊዝቤት ካልሲ ትጠግን ነበር።

«እንግዲህ ለትንሽ አገር የሚደርስላት የለም ማለት ነው» አለች። ኮንራድም ጋዜጣውን አጣጥፎ ላሞቹን ሊያልብ ወጣ።

ገለልተኛ ነን ብለው ለዘመናት የኖሩት ስዊሶች መባነን የጀመሩት ጎረቤታቸው ኦስትሪያ በ1938 በአንድ ሌሊት ስትዋጥ ነው። ያኔ መንግሥት አዲስ የድንበር ጦር አቋቋመ፤ በድንበር መንደር የሚኖር ወንድ ሁሉ እዚያው በመንደሩ፣ ቤቱን እያየ እንዲዋጋ ተደረገ። ጠመንጃው እንደ አገሩ ልማድ ከየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለ ነበረ አዲስ ነገር አልነበረም። ኮንራድ ግን እስከዚያ የነበረው በጓዝ ጦር ውስጥ ነው፤ ስንቅና ጥይት በፈረስ የሚያጓጉዝ። መዝጋቢው መኮንን መጥቶ ምርጫ ሰጠው።

«ከድንበሩ ጦር ትገባለህ ወይስ ከጓዙ ትቆያለህ?»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዚያ አገር ገበሬ ብቻ ሳይሆን ፈረሱም ይዘምታል። አዋጅ ሲታወጅ ባለ ፈረሱ ፈረሱን ስቦ አደባባይ ያቀርባል፤ የከብት ሐኪሙ ጥርሱንና ሰኮናውን አይቶ ተቀብሎ ለማያውቁት ሰው ያስረክባል። ከዚያ ወዲያ አንካሳ ሆኖ ይመለስ፣ ጀርባው ተልጦ ይመለስ፣ አምላክ ያውቃል። ገበሬው ልጁ ሲዘምት ያለቅሳል፤ ፈረሱ ሲዘምት እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ ኮንራድ ከባዝራው ጋር የሚዘምትበትን መንገድ ሲያገኝ ጊዜ አልፈጀም፤ በጓዙ እቆያለሁ፣ ፍሎራም ከእኔ ጋር ትመዝገብ አለ። መንደሩ አደነቀው።

«አንተ ሞኝ አይደለህም!» አለው ጎረቤቱ ኤሚል፤ እርሱ ከድንበሩ ጦር የገባ ነው። «እኔ እዚህ ጭቃ ላይ እተኛለሁ፤ አንተ ከወዳጅህ ጋር ጋጣ ውስጥ ይሞቅሃል!»

ሊዝቤትም ስቃ፣ «ሂድ፣ ከእርሷ አትለይ፤ እርሷን ካጣን መሬቱን በጥርሳችን ልናርስ ነው» አለችው።

በመስከረም መባቻ 1939 የሮርማት ደወል ያለ ሰዓቱ ተደወለ። ጀልባዋ ወደ ዳር ተስባ በሰንሰለት ታሰረች፤ የሽቦው ገመድ ተፈታ፤ ወንዙም ድንበር ሆነ። ኮንራድ ባዝራውን ይዞ፣ ሴት ልጁን ቬሬናን ስሞ ሄደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በአንድ አፍ መናገር ያዳግታል፤ ላሞችን ሴቶች አለቡ፣ ማሳውን ሽማግሌዎች አረሱ፤ የኳስ ሜዳና የአበባ ቦታ ሳይቀር ድንች ተተከለበት፤ ስኳርና ዘይት በኩፖን ሆነ፤ ጥርስ የሌላቸው አያቶች የአደን ጠመንጃ ይዘው የወንዙን ዳር ጠበቁ። አንድም ጥይት ሳይተኮስ አገሩ በሙሉ ደከመው።

በግንቦት 1940 ጀርመኖች ወደ ምዕራብ ሲገሰግሱ፣ ዛሬ ማታ ወደ እኛም ይመጣሉ የሚል ወሬ ነደደ። ያኔ የከተማ ሀብታሞች መኪናቸው ላይ ፍራሽ ጭነው፣ ልጆቻቸውንና ብራቸውን ይዘው ወደ ተራራው ሸሹ። በሮርማት መንገድም አለፉ። ሊዝቤት የድርቆሽ መንሿን ይዛ ከመንገዱ ዳር ቆማ፣ «መንገዱን ታውቁታላችሁ? ወይስ አገሩ የማን እንደ ሆነ ብቻ ነው የጠፋባችሁ?» ብላ ጮኸችባቸው፤ አንዱም መስኮት አልከፈተም።

ፈረንሳይ በሰኔ ወደቀች፤ ስዊስም በአምባገነኖች መካከል ብቻዋን ቀረች። በሐምሌ የእነ ኮንራድ ጓዝ ጦር ተነሥ ተባለ። ወደ ሰሜን፣ ወደ ራይን የሚሄዱ መስሏቸው ነበር፤ ሰልፉ ግን ፊቱን ወደ ደቡብ አዞረ። ፍሎራ የጥይት ሣጥን ተጭና ከጎታርድ ተራራ ግርጌ ወደሚገኝ አንድ የድንጋይ ሸለቆ ወጣች። እዚያ ተራራ ይፈነቀላል፤ መድፍ ዋሻ ይገባል። ለዓመታት የሚበቃ ዱቄት ይከማቻል። ምክንያቱን ማንም ለወታደሩ አልነገረውም፤ ነገር ግን ዱቄት የሚሸከም ሰው ለስንት ሰው እንደ ተሸከመ ይገባዋል። ጠላት ሲመጣ ጦሩ ተራራውን ይዞ ይዋጋል፤ ሜዳው፣ ከተማው፣ የራይን ዳር መንደሮች ሁሉ ከምሽጉ ውጭ ይቀራሉ። በድንበሩ ላይ የሚቀረው እነ ኤሚል ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ጥቂት ሰዓት ጠላትን አዘግይተው ከደጃቸው እንዲሞቱ ነው።

ኮንራድ ይህ የገባው ቀን እህል አልቀመሰም። በማግሥቱ ሻምበሉ ዘንድ ቀርቦ እጅ ነሣ። ሻምበል ፎን አርክስ በሰላሙ ጊዜ ጠበቃ የነበሩ፣ ከእንቅልፍ ማጣት የተነሣ ዓይናቸው የቀላ ሰው ናቸው።

«ጌታዬ፣ ወደ ድንበሩ ጦር እንድዛወር እለምናለሁ። መንደሬ እዚያው ነው።»

«ባዝራህስ?»

«ትቅርብኝ ጌታዬ። ለመንግሥት ሰጥቻለሁ።»

ሻምበሉ በረጅሙ ተነፈሱ። «ዛሬ አንተ፣ ነገ ሌላው። ሁሉም ወደ ቤቱ ካለ ይህን ድንጋይ ማን ይጠብቀዋል? የእኔ ሚስትና ልጆች ሻፍሃውዘን ናቸው፤ የእኛው ከተማ ሆና ከራይን ወዲያ ማዶ ናት። ታውቀዋለህ ቦታውን?»

«አውቀዋለሁ ጌታዬ።»

«እንግዲህ አትጠይቀኝ። የመከር ፈቃድ እሰጥሃለሁ፤ ሄደህ ፖምህን ልቀም። እዚህ ያየኸውን ለሚስትህም ብትነግር የጦር ፍርድ ቤት ነው፤ እኔው ራሴ ነኝ የማቀርብህ።»

ኮንራድ ከመሄዱ በፊት በሸለቆው ከምትኖር አንዲት መበለት ከጋጣዋ በላይ ያለውን ክፍል ተከራየ። የጦር ፍርድ ቤቱን ለመድፈር በልቡ ቆርጧል፤ ሊዝቤትንና ቬሬናን ይዞ ሊመለስ ነው።

ሮርማት ሲደርስ ሊዝቤት ከመሰላል ላይ ሆና ፖም ትለቅም ነበር። ከስታለች፤ እጇ እንደ ወንድ እጅ ሻክሯል። ራት በልተው ልጅቱ ከተኛች በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁሉንም ነገራት። ሊዝቤት አላቋረጠችውም።

«ጨረስክ?» አለች በመጨረሻ። «እኔ እኮ አውቀዋለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል! መድፎቹ ከኮረብታው ወርደው ወደ ኋላ ሲጎተቱ የትኛዋ ሴት አላየችም? ምሥጢር ትላላችሁ፤ በደጃችን እየነዳችሁት።»

«እንግዲያውስ ነገ እንሂድ። ክፍል ይዣለሁ። ላሞቹን ለኤሚል ሚስት ተዪላት።»

«እርሷስ ለማን ትተዋቸው?»

ኮንራድ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ።

«አልቢን በቀደም ከማዶ ቆሞ ተጣራ» አለች ሊዝቤት። «‹ሊዝቤት፣ አትፍሪ! ስንመጣ ስለ አንቺ ቤት እኔ እናገራለሁ!› አለኝ። ከወንዙ ዳር ሴቱ ሁሉ እየሰማ። ወንድሜ ነው፤ ይናገርልኝ ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዷም በደንብ ሰላም አትለኝም። አሁን ደግሞ ፍራሼን ጭኜ በጎን ልውጣ? በእነዚያ ላይ የጮህኩት እኔው አይደለሁ?»

«የሰው አፍ ነው የሚያስፈራሽ? እኔ ስለ ነፍስሽ ነው የማወራው!»

«ነፍሴ እዚህ ናት። ባይሆን አንተ ቅር።»

«ከዳተኛ ብለው ይረሽኑኛል፤ ሊዝቤት።»

«ይገባኛል።» እንባዋ መጣ፤ በመዳፏ ጠረገችው። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ። ባሌ ባዝራውን ተከትሎ ተራራ ወጣ፤ እኔ ለጅቡ ቀረሁ።»

«ሂድ፣ ከእርሷ አትለይ ያልሽኝ አንቺ ነሽ!» አለ ኮንራድ ቱግ ብሎ።

«ብያለሁ። ያን ጊዜ አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም፤ በዚያ አልወቅስህም። አሁን ግን ታውቃለህ። ከዚህ ቤት አውቀህ ነው የምትወጣው።»

የፈቃዱን ቀን ሁሉ ፖም ለቀሙ፣ ድንች አወጡ፤ ከሥራ ነገር በቀር አልተነጋገሩም። በመጨረሻው ጠዋት ኮንራድ የሻንጣውን ማንገቻ ይዞ ከደጃፉ ብዙ ቆመ። ኤሚል በራይን ዳር ከቆፈረው ጉድጓድ ወጥቶ ሲታጠብ ከሩቅ አየው፤ እጁን አውለበለበለት። ኮንራድ እያፈረ እጁን አነሣ፤ ከዚያም ወደ ባቡሩ ሄደ።

ጠላት አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ተራራውን ፈርቶ ነው የሚሉ አሉ፤ ባቡሩና ባንኩ ስለ ጠቀመው ነው የሚሉም አሉ። ኮንራድ በተራራው ላይ ከሌሎች ጋር እየተፈራረቀ ክረምቱን ከክረምት አያይዞ ጠበቀ፤ በ1945 በጋ አርጅቶ ተመለሰ። አልቢን ከሩሲያ ግንባር አልተመለሰም። ቤቱም ሚስቱም ልጁም እንደ ነበሩ ቆዩት።

ከብዙ ዓመት በኋላ የዘመቻው መታሰቢያ ሲከበር፣ የሮርማት አዛውንት ወታደሮች አደባባይ ተጠርተው የወይን ጠጅ ተቀዳላቸው፤ ከከተማ የመጣ ተናጋሪም ተራራው አዳነን ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሊዝቤት ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ እርሷም እንደ ሰው አጨበጨበች። ወደ ቤት ሲመለሱ ኮንራድ መንገዱ መሐል ቆመ።

«ሊዝቤት፣ ይቅር ብለሽኛል?»

«ምን አድርገኸኝ?» አለች፤ በእውነት የገረማት ትመስላለች። «ጀርመኖቹ አልመጡም። አንድም ነገር አልደረሰብኝም።»

«እኮ፣ ይቅር ብለሽኛል ወይ?»

ሊዝቤት ክንዱን ያዘችው፤ አቀበቱ ለሁለቱም ከብዷቸዋል። «አንድም ቀን አልጠላሁህም፤ ኮንራድ። ግን ቢመጡ ኖሮ የት ትሆን እንደ ነበር ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ። ይኸው ነው፤ ና እንግባ፤ ላሞቹ ይጠብቁናል።»

የታሪክ መጻሕፍት ያቺ አገር ሳትደፈር፣ ሳትቃጠል ያን ክፉ ዘመን አለፈች ይላሉ፤ እውነት ነው። የምሽጎቹ ርዝመት፣ የመድፎቹ ብዛት፣ የአዛዦቹ ስም ተጽፏል፤ ሮርማት የተጠቀሰችበት መስመር ግን የለም፤ እዚያ ምንም አልሆነማ። ኮንራድና ሊዝቤትም ሞት እስኪለያቸው በአንድ ቤት ኖሩ፤ ሁለተኛ ስለዚያ ነገር አላነሡም።